ተደራርቦ የሚያምር፦ ከባቲ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ

ተደራርቦ የተቀመጠ ነገር ካየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። የሲኒ ድርድር፣ የጋቢ ክምር፣ የድንጋይ ካብ፣ ምንም ይሁን ምን። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ያነሳሁት መርካቶ ምን አለሽ ተራ ነው። ቆርቆሮው፣ በርሜሉ፣ ጣሳው ተከምሮ ይውላል። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። አንዱ ክምር ፎቶ ላይ ሲወጣ ዓይን ይይዛል። ሌላው ዝም ብሎ የተቆለለ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ለምን? ወሎ የሄድኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ጊዜውም ምቹ ነበር። 2011 ዓ.ም.፣ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሊገባ ሲል፣ አገሩ ሁሉ እህሉን አጭዶ የሚከምርበት ወቅት።

እሑድ፣ ኅዳር 30፦ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ

አውቶቡሱ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ትኬቱ 240 ብር። እስከ ደብረ ብርሃን እንቅልፌን ለጠጥኩት። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፈን ስንወጣ ቁልቁለቱ ጀመረ። ብርዱም እዚያው ላይ ቀረ። ደብረ ሲና ላይ ሻይና ዳቦ በ15 ብር ቀምሼ፣ ለመንገድ ቆሎ ገዛሁ።

ሰንበቴ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። እሑድ ነዋ። አውቶቡሱ በሰውና በአህያ መሀል እየተሽሎከለከ አለፈ። እኔም በመስኮት ብቻ አየሁት። ከሚሴን ካለፍን በኋላ ግን ማሳው ራሱ ቀልቤን ሳበው። ማሽላው ተቆርጦ አገዳው በነዶ በነዶ ታስሯል። ነዶዎቹ ራስ ለራስ ተደጋግፈው በየማሳው ቆመዋል። በአንዱ ማሳ ሰባት፣ በሌላው አሥር። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሰው የተሰበሰበ ይመስላሉ።

ትንሽ እንደሄድን ከላይ ኳኳታ ተሰማ። ፖርቶ መጋላው ላይ የታሰረው ገመድ ላልቶ የፕላስቲክ ወንበሮች አስፋልት ላይ ተበትነዋል። ደግነቱ ከኋላ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ረዳቱ ወጣና ጭነቱን በሙሉ አውርዶ እንደገና መጫን ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ተሳፋሪው ተነጫነጨ። እኔ ግን ወርጄ የረዳቱን ሥራ ስመለከት ቆየሁ። የእህል ጆንያዎቹን ከሥር አነጠፈ። በክፍተታቸው ሻንጣ ሰካ። ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ውስጥ አስገብቶ ለሁለት ከፈላቸውና በጎን አስተኛቸው። ፍራሹን ከላይ አድርጎ ገመዱን በመስቀለኛ ወጠረው። «አሁን ደሴ ድረስ ንቅንቅ አይልም» አለና እጁን አራገፈ። ቅድም የጫነው ሌላ ሰው ነበር አሉ። ልዩነቱ ከመሬት ሆኖ ለሚያየውም ያስታውቃል። የመጀመሪያው ጭነት እንዲያው የተወረወረ ነበር። ይኸኛው ታስቦበታል።

ኮምቦልቻ ስንገባ መሽቷል። አልጋ በ250 ብር፣ ተጋቢኖ በ45 ብር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የካሜራዬን ባትሪ መሙላት አልቻልኩም። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ነገሩን ስነግራት ባትሪውን ተቀብላኝ ጀነሬተር ወዳለው ጎረቤት ሱቅ ወሰደችው። ጠዋት ሞልቶ ጠበቀኝ። ገንዘብ ብሰጣት አልቀበልም አለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1፦ ባቲ

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ 25 ብር አስከፈለኝ። መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሹራቤን ያወለቅኩት ገና ግማሽ ላይ ሳንደርስ ነው። የሰኞው ገበያ ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከታች ይመጣል። አማራውና ኦሮሞው እህሉን፣ ሸክላውን፣ ቅመሙን ይዞ ከላይ ይወርዳል። አንድ ገበያ ላይ ሦስት ቋንቋ ትሰማላችሁ። ሻጩም ገዥውም ሳይቸገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል።

እግሬ የወሰደኝ ሸክላ ተራ ነው። አንዲት ጠና ያሉ እናት ምጣድ፣ ድስት፣ ጀበናና እንስራ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ምጣዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ አልተኙም። ግንድ ተደግፈው በጠርዛቸው ቆመዋል፤ በየመሀላቸው ጭድ ገብቷል። ድስቶቹ ደግሞ ባፋቸው ተደፍተው ሦስት ደርብ ሠርተዋል። ትልልቁ ከሥር፣ ትንንሹ ከላይ።

«እማማ፣ ምጣዱን ለምን አቆሙት?» አልኳቸው።

«ተኝቶ ከተከመረ ከሥር ያለው ይሰነጠቃላ፣ ልጄ። ሸክላ ክብደቱን በጠርዙ ይችላል፤ በሆዱ አይችልም።»

ፎቶ ላንሳ ብዬ ስጠይቃቸው ፈቀዱ። ይህን ያየ አንድ ጎረምሳ «ቆይ ላሳምርልሽ!» ብሎ ተንደርድሮ መጣ። ድስቶቹን አንስቶ በመጠን በመጠን ደረደራቸው። ጀበናዎቹን በሰልፍ አቆማቸው። በቅንነት ነው፤ ላስቀይመው ስላልፈለግኩ አነሳሁለት። ከዚያ እማማ እየሳቁ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሱ። ያንንም አነሳሁ። ማታ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። የጎረምሳው ንጹሕ ነው፣ ግን ምንም አይናገርም። በእማማ ክምር ውስጥ ጭድ አለ፣ የተደገፈ ግንድ አለ፣ ገዥ ጎትቶ ያወጣው የአንድ ድስት ክፍት ቦታ አለ። ዓይን እዚያ ክፍተት ላይ ሄዶ ያርፋል። ድግግሞሽ ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል። ድግግሞሹን የሚያቋርጥ አንድ ነገር ሲኖር ነው ፎቶው ነፍስ የሚዘራው። ያ የሚያቋርጠው ነገር ግን ከሥራው የመጣ መሆን አለበት። ለካሜራ ተብሎ ሲደረግ ያስታውቃል።

ፎቶ ለምታነሱ አንድ ነገር ልጨምር። ባቲ ላይ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ብርሃን ነው የሚያዋጣው። ፀሐይዋ ከጎን ስለምትመጣ እያንዳንዱ ድስት ጥላውን በጎረቤቱ ላይ ይጥላል፤ ደርቡም ለይቶ ይታያል። 6 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሳትም ይረዳል። የፊቱና የኋላው ይጠጋጉና ክምሩ ጠበቅ ይላል።

የአፋር እናቶች የሰሌን ምንጣፍ ጠቅልለው ከምረው ይሸጡ ነበር። የጥቅሎቹ ጫፍ ከፊት ሲታይ ክብ በክብ ነው። ልጠይቅ ስጠጋ አብረዋቸው ያሉ አንድ አዛውንት በእጃቸው እምቢ አሉኝ። ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። አንድ ምንጣፍ በ120 ብር ገዝቼ በሰላም ተለያየን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2፦ ደሴ

ደሴ ያረፍኩት የጓደኛዬ እናት ቤት ነው። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፤ እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። ገና ሳልጠይቅ ለብቻ ድስት አውጥተው ምስር ሠርተውልኛል። «የጾመኛ ድስት ነው፣ ምንም አልነካውም፤ ብዪ» አሉኝ። ወሎ እንግዳ የሚስተናገደው እንዲህ ነው። ሌላም ቤት ብሄድ ከዚህ የተለየ አይጠብቀኝም ነበር።

ቡናው እስኪፈላ የሲኒ አደራደራቸውን አየሁ። የታጠቡት ሲኒዎች ሳህን ላይ ባፋቸው ተደፍተዋል። ከሥር ሰባት፣ ከላያቸው በሁለት ሲኒ መሀል ባለው ጎድጎድ ላይ አራት፣ ከዚያ አንድ። ውሃው ተንጠፍጥፎ ሳህኑ ላይ ይወርዳል። ከላይ ያለው አይንሸራተትም፤ የተቀመጠው ጎድጎዱ ላይ ነዋ። ጭሱ ከኋላ ሲነሳ አነሳሁት። ከአቦል እስከ በረካ ሲኒዎቹ እየወረዱ፣ እየታጠቡ፣ መልሰው እየተደረደሩ ዋሉ። እማማ አንዴም ወደ እጃቸው አላዩም። ወሬያቸውን ከጎረቤት ጋር ይዘዋል። በመጨረሻ መርቀውን ተነሳን።

ከሰዓት ሙጋድ ገበያ ወረድኩ። ጋቢና ነጠላ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አጣጠፉን ልብ በሉ። ሁሉም ጥለቱን ወደ ውጭ አድርጎ ነው የታጠፈው። ገዥው ሳይዘረጋ ከመንገድ ቆሞ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ እያለ ይመርጣል። ነጩ ጨርቅ ጀርባ ሆኖ ጥለቱ ብቻ በመስመር በመስመር ይታያል። ይህን የሚያህል ፎቶ አዘጋጅ የትም አይገኝ። ሽሮ ሜዳ 900 ብር የተባልኩትን ዓይነት ጋቢ እዚህ በ650 ብር ጨረስኩት። ባለሱቁ ከሥር ጎትቶ ሲያወጣው ከላይ ያለው ንቅንቅ አላለም።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ከውጭ አይቼ ተመለስኩ። ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ተጋድሞ ስለነበር ብርዱ አጥንት ይገባል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3፦ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚመጣው ለዓሣው ነው። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ እኔ አልበላም። ሽሮ በ40 ብር አዘዝኩና ጓዳ ገብቼ እንጀራ ሲነባበር አየሁ። እንጀራው ከምጣድ እንደወጣ አይደራረብም። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይበርዳል፤ አለበለዚያ ተጣብቆ ይቀራል። ጋጋሪዋ በሁለቱ መሀል የምታሳልፈው ጊዜ ልክ ነው። የበረደው ወደ ክምሩ ሲሄድ ቀጣዩ ይበስላል።

የእስጢፋኖስ ገዳም እዚሁ ሐይቁ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበር። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባበትም። ከደጅ ተሳልሜ ወደ እርሻው ሄድኩ።

የጉዞዬን ምርጥ ሰዓታት ያገኘሁት እዚያ ነው። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ አባትና ሁለት ልጆቻቸው ጤፍ ሲከምሩ ደረስኩ።

«በርቱ!» አልኩ።

«አሜን! ደህና መጣሽ፣ ልጄ።»

ክምሩ ገና ወገብ ደርሷል። ከሥር ድንጋይና ጭራሮ ተነጥፏል፤ እርጥበትና ምስጥ እንዳይነካው። አባትየው ክምሩ ላይ ቆመዋል። አንዱ ልጅ ነዶ ከማሳ ያመጣል። ሌላው በመንሽ ወደ ላይ ያቀብላል። አባትየው ነዶውን ተቀብለው ራሱን ወደ ውስጥ፣ እግሩን ወደ ውጭ አድርገው ያስተኛሉ። በጉልበታቸው ይጫኑታል። ቀጥለው ሌላውን፣ ግማሹን በፊተኛው ላይ ደረብ አድርገው። እንዲህ እያሉ በክብ ይዞራሉ። ዙሩ ሲያልቅ መሀሉን ተጨማሪ ነዶ ይሞሉታል።

«መሀሉን ለምን ከዳሩ ከፍ ያደርጉታል?» አልኩ።

«ዝናብ ቢመጣ ወዴት ይሂድ?» አሉኝ መልሰው። እጃቸውን ከመሀል ወደ ዳር ወረድ አድርገው አሳዩኝ። «ሁሉም ነዶ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ውሃው በእሱ በኩል ይገባል። ከዚያ ክምሩ ሁሉ ይሻግታል።»

ተጠግቼ አየሁት። የነዶው ግንድ ጫፍ በሺህ የሚቆጠር ወርቃማ ቀዳዳ ነው። አንዱ ተራ ካንዱ ጋር የሚገናኝበት ስስ ጥቁር መስመር አለ። መስመሩ ክምሩን በሙሉ ዞሮ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ወረድ ብሏል። ልጁ ነዶ ያቀጠነበት ቦታ ነው። አባትየውም አይተውታል። ቀጣዩ ዙር ላይ አንድ ወፍራም ነዶ መርጠው እዚያው ላይ ጣሉና አስተካከሉት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ያንን የተስተካከለ ቦታ መሀል አድርጌ አነሳሁት። ከዚህ ጉዞ አንድ ፎቶ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ንፍሮና ቡና መጣ። ፎቶውን በካሜራው ስክሪን አሳየኋቸው።

«ምኑ አማረሽ?» አሉኝ።

«አደራደሩ፣ አባ። እኩል ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ማማሩ ምን ይታወቃል። ጥር ላይ ለውቂያ ስናፈርሰው ነው። መሀሉ ደርቆ ከተገኘ ያኔ አማረ ይባላል።»

ስልክ ተለዋወጥን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4፦ ወደ ላሊበላ

የአምባሰልን ተራራ በግራ እያየን ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አለፍን። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚህ አገር ስም የሚጠሩ ናቸው። ሾፌራችንም ያንኑ ከፍቶ ነበር።

ዳገቱ ሁሉ እርከን ነው። የድንጋይ ካብ ከሥር እስከ ጫፍ፣ መስመር በመስመር። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ወደ ውጭ እያዩ «ይሄን ያገሬውን እርከን እኛ ነን የካብነው። በስንዴና በዘይት» አሉኝ። ከ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወዲያና ወዲህ በምግብ ለሥራ የተሠራውን ማለታቸው ነው። ትልቁ ድንጋይ ከመሠረት፣ ረጅሙ ወደ ዳገቱ ተሰክቶ፣ ጠጠሩ በየስንጥቁ። ጭቃ የለውም፤ ውሃው ሾልኮ ማለፍ ስላለበት። እነዚህን መስመሮች ስንት ጊዜ ከመኪና መስኮት «የሚያምር ፓተርን» ብዬ አንስቻለሁ። ከካባቸው ሰው ጎን ተቀምጦ ማየት ሌላ ነገር ነው። የዚያን ቀን እርከን አላነሳሁም። ሲያወሩ ሰማሁ።

ከጋሸና ላሊበላ ያለው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነበር። መሀል ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ደግሞ ነፋስ አንሶታል። ሌላ መኪና መጥቶ እስኪረዳን ፀሐይ ገባች። ላሊበላ ስደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። አልጋ 300 ብር፣ ሙቅ ውሃ አለው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5፦ ቤተ አማኑኤል

ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉም ሰው ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ይሮጣል። እኔ የመጣሁት ለቤተ አማኑኤል ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ነው። ግድግዳውን ስታዩት ግን የተደራረበ ነው። አንድ አግድም መስመር ወጣ፣ ቀጣዩ ገባ፣ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ፣ ከታች እስከ ላይ። በአክሱም ዘመን ግንባታ እንጨትና ድንጋይ ሲፈራረቁ የሚታየውን መልክ ነው ጠራቢዎቹ በዐለት ላይ ያወጡት።

ይህ ነገር አስጨነቀኝ። ከባቲ ጀምሮ የደረስኩበት ሐሳብ ክምር የሚያምረው ሥራ ሲኖረው ነው የሚል ነበር። ምጣዱ እንዳይሰነጠቅ፣ ሲኒው እንዲንጠፈጠፍ፣ ጤፉ እንዳይሻግት። እዚህ ግን ምንም ምንንም አልተሸከመም። አንድ ድንጋይ ነው። ሆኖም ያምራል፣ በጣም ያምራል። ከላይ የተሠራው መጠለያ ብርሃኑን ስላለሰለሰው ጥላው ስስ ነው። የመሮው ምት ግድግዳው ላይ ይታያል። ብዙ ሰዓት ቆሜ ሳየው ቆየሁ። የጠራቢዎቹ ዓይን የተደራረበ ግድግዳ ለምዷል ማለት ነው። ቤት ማለት እንዲህ ነው ብለው ያውቃሉ። ሥራው ቀርቶም መልኩን ሊተዉት አልፈለጉም። እኔም አልፈረድኩባቸውም።

ምሳ በያይነቱ በ70 ብር። ከሰዓት የላስታን ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ስዞር ዋልኩ። ቀዩ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ዙሩን ጠብቆ ይወጣል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6፦ ይምርሐነ ክርስቶስ

ከላሊበላ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መኪናውን ከሦስት ሌሎች መንገደኞች ጋር ተከራይተን በነፍስ ወከፍ 400 ብር ደረሰብን። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ወደ ከተማ በሚወርድ ሰውና በተጫነ አህያ ተሞልቷል። ከመኪናው ወርዶ በጽድ ጫካ ውስጥ ዳገቱን መውጣት አለ። ትንፋሽ ይቆርጣል።

ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው ያለው። አልተፈለፈለም፤ ተገንብቷል። ያሠራው ከላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ጥቁር አግድም እንጨት፣ ነጭ ልስን ድንጋይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ትናንት በዐለት ያየሁት እዚህ በሥጋው ቆሟል። ልስኑ በተነሳበት አንድ ጥግ ውስጡ ይታያል። ያልተጠረበ ትንንሽ ድንጋይ ነው። ብቻውን ቢካብ ሊንሸራተት የሚችለውን አግድም የገቡት እንጨቶች ይዘውታል። አስጎብኝው ካህን መብራታቸውን ወደዚያ ጥግ አድርገውልኝ ሳልቸኩል አነሳሁ። ውስጥ የጣሪያው እንጨት በሥዕልና በቅርጽ ተሞልቷል። ከኋላ፣ በዋሻው ጥልቅ፣ የብዙ ተሳላሚዎች አፅም አርፏል። እዚያ ካሜራ አላወጣሁም።

በጥርበት ቤተ አማኑኤል ይበልጣል። ይህን ማንም አይክድም። እኔ ግን ልቤ የቀረው ይምርሐነ ክርስቶስ ዘንድ ነው። ያ የተላጠ ጥግ ከየትኛውም የተስተካከለ ገጽታ በላይ ነገረኝ።

እሑድ ጠዋት ተነስቼ ደሴ አድሬ አዲስ አበባ ገባሁ። ፎቶዎቹን አሳትሜ የክምሩን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ወደ ሐይቅ ላክሁት። አባትየው ደርሷቸው ደወሉልኝ። ውቂያው ከጥምቀት ማግሥት ነው። ቀኑን አስቆርጫቸው ትኬቴን ገዝቻለሁ፤ ከዋጋው ላይ 20 ብር ጨምሯል።